የብርበራ ማዘዣን ሕጋዊነት መቃወም ምንድን ነው? በአደንዛዥ ዕፅ ክስ

የብርበራ ማዘዣን መቃወም ማለት ፖሊስ ቤት ገብቶ ያገኘው ዕፅ በማስረጃነት ከመያዙ በፊት፣ ብርበራው ሕጉን ተከትሎ ስለመደረጉ ፍርድ ቤቱ እንዲመረምር መጠየቅ ነው። ብዙ ተከሳሾችና ቤተሰቦቻቸው ማዘዣው ላይ አንድ ጉድለት ከተገኘ ክሱ እንዳለ ይወድቃል ብለው ይጠብቃሉ። ሕጋችን እንደዚያ አይልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል፤ ሥርዓቱን ባልጠበቀ ብርበራ የተገኘ ዕቃ በዚያ ምክንያት ብቻ ውድቅ ይሆናል የሚል ጠቅላላ ድንጋጌ ግን የለም። ስለዚህ ተቃዋሚው ጉድለቱን ካሳየ በኋላ፣ ያ ጉድለት ኤግዚቢቱን (በማስረጃነት የቀረበውን ዕቃ) ለምን የማይታመን እንዳደረገው ማስረዳት ይጠበቅበታል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ የማይሠራ መቃወሚያ ብዙ ጊዜ ፍሬ አያፈራም።

መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ነው፤ ማንም ሰው መኖሪያ ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመመርመር የመጠበቅ መብት አለው። ዝርዝሩ ያለው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 እና 33 ላይ ነው። ማዘዣ ለመስጠት ማንኛውም ፍርድ ቤት ሥልጣን አለው። ስለዚህ ጉዳዩ በከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚታይ ቢሆንም፣ “ማዘዣውን የሰጠው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው” ብሎ መቃወም ጊዜ ማባከን ነው።

ማዘዣው እጅ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው፣ የሚፈለገው ዕቃ ተለይቶ መጻፉ ነው። አንቀጽ 33(2) ይህን ያስገድዳል፤ ፖሊስ በማዘዣው ላይ ከተጠቀሰው ውጪ ሌላ ንብረት እንዳይዝም ይከለክላል። “አደንዛዥ ዕፅ” ተብሎ በተሰጠ ማዘዣ የተወሰደ ጥሬ ገንዘብ ወይም ሞባይል ካለ በዚህ አንቀጽ መከራከር ይቻላል። ቀጥሎ የሚታየው ቤቱ ነው። ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪም ሆነ አዘዞ፣ ባለቤቱና በርካታ ተከራዮች አንድ ግቢ ውስጥ መኖራቸው የተለመደ ነው። ማዘዣው በባለቤቱ ስም ወጥቶ ዕፁ በተከራይ ክፍል ከተገኘ ሁለት ጥያቄ ይነሣል፦ ፖሊስ ወደዚያ ክፍል ለመግባት ተፈቅዶለት ነበር ወይ? ክፍሉን ቆልፎ የሚይዘውስ ማን ነው? ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፤ ዕፁን ከተከሳሹ ጋር የሚያያይዘውን ገመድ የሚፈትሸው እሱ ነውና። የኪራይ ውል፣ የቁልፍ ብዛትና የጎረቤት ምስክር እዚህ ላይ ይጠቅማሉ።

ሰዓትም አለ። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ሰነዱ ላይ “4፡00” ተብሎ ተጽፎ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑ ካልተገለጸ፣ መርማሪውንም ምስክሮቹንም ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልሳቸው ከተለያየ ሌላውም ቃላቸው ይላላል።

ማዘዣ ሳይኖር የሚገባበት መንገድ በሁለት ይወሰናል። አንደኛው ተጠርጣሪው እየተባረረ ቤት ሲገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ እዚያ ሲጥል ነው። ሁለተኛው፣ በዕፅ ክስ ዐቃቤ ሕግ የሚደገፍበት፣ አንቀጽ 32(2)(ለ) ነው። ይህ እንዲሠራ ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ መሆን፣ በአንቀጽ 14 መሠረት ክስ ወይም አቤቱታ መቅረብ፣ ማዘዣ እስኪወጣ ቢጠበቅ ዕቃው ይሸሻል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት መኖር አለበት። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ዕፅ ማዘዋወር የሚያስከትለው ቅጣት የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ክርክሩ የሚቀረው በሁለቱ ላይ ነው። አንቀጽ 14 አቤቱታው በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ለአቅራቢው ተነቦ፣ ቀን ተጽፎበት እንዲፈረም ይጠይቃል። በመዝገቡ ያለው አቤቱታ ቀኑ ከብርበራው በኋላ ከሆነ ትልቅ ክፍተት ነው። ስለመዘግየቱ ደግሞ፣ ፍርድ ቤቱና ፖሊስ ጣቢያው አንድ ከተማ ውስጥ እያሉ በሥራ ቀንና ሰዓት “ጊዜ አልነበረንም” የሚል ምክንያት በደንብ መፈተሽ አለበት። ለሊት ወይም እሑድ ከሆነ ምክንያቱ ይጠነክራል።

የአማራ ክልል ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ነገር ማጣራት አለበት። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የታወጀውና በ2016 ዓ.ም. የተራዘመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበርን ይፈቅድ ነበር። ብርበራው የተደረገው አዋጁ ጸንቶ በነበረበት ጊዜ ከሆነ “ማዘዣ አልነበረም” የሚለው ክርክር ብቻውን አይቆምም።

ከማዘዣው ይልቅ ብዙ ጊዜ ውጤት የሚያመጣው የዕቃው ዝርዝር ነው። በአንቀጽ 33(3) መሠረት ፖሊስ የያዘውን መዝግቦ፣ በተቻለ መጠን ገለልተኛ ሰው እንዲያረጋግጥና እንዲፈርም ማድረግ፣ ዕቃውንም ለፍርድ ቤት እስኪያስረክብ በጥንቃቄ ማኖር አለበት። የደረጃ ምስክሩ (ብርበራውን እንዲታዘብ የተጠራው ሰው) ከፖሊስ ጋር አብሮ ገብቶ ዕፁ ሲወጣ አይቷል? ወይስ ጣቢያ ተጠርቶ ያለቀ ወረቀት ላይ ፈረመ? ይህ መስቀለኛ ጥያቄ ክስን ሊያፈርስ ይችላል። ክብደቱም ይታይ፤ ዝርዝሩ 2 ኪሎ ብሎ የምርመራው ውጤት 1 ኪሎ ከ700 ግራም ካለ፣ ዐቃቤ ሕግ “ካናቢሱ ደርቆ ነው” ሊል ይችላልና በሚዛን ተመዝኖ ነበር ወይስ በግምት፣ ታሽጎ ነበር ወይ፣ በማሸጊያው ላይ ማን ፈረመ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ቤቱ በሚበረበርበት ጊዜ በር መዝጋትና መታገል አይጠቅምም፤ ሕጉ ፖሊስ ተመጣጣኝ ኃይል እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ማዘዣውን አንብቦ ቀኑን፣ ስሙን፣ ማኅተሙን ማየት፣ ሰዓት መመዝገብ፣ የገቡትን ሰዎች መለየት ይሻላል። ባዶ ወይም ያልተሟላ ዝርዝር ላይ አለመፈረም፣ ከተፈረመም ቅሬታን ከፊርማው አጠገብ መጻፍ ያስፈልጋል። “ዕፁ የኔ ነው” እንዲባል ግፊት ከተደረገ፣ ያንን ቃል ከዕቃው ለይቶ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) መቃወም ይቻላል።

ፍርድ ቤት ውስጥ ብዙዎች የሚሳሳቱት ጊዜው ላይ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 130 በክሱ ላይ ከሚቀርቡት የመጀመሪያ መቃወሚያዎች ዝርዝር ውስጥ የብርበራ ጉድለት የለም፤ እዚያ ቢያቀርቡት ይታለፋል። ቦታው አንቀጽ 146 ነው፦ ዐቃቤ ሕግ ኤግዚቢቱን ሲያቀርብ ተነሥቶ መቃወም፣ ተቃውሞውና የዳኛው ውሳኔ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ። ከዚያ በፊት የማዘዣ ጥያቄውን ማመልከቻ፣ ማዘዣውንና ዝርዝሩን ከሬጅስትራር (ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል) በግልባጭ መጠየቅ ይገባል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(4) ተከሳሹ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት ሰጥቶታል። ጠበቃ ለመቅጠር ዐቅም የሌለው ከፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቅ።

መቃወሚያው ውድቅ ቢደረግ ወዲያው ይግባኝ አይባልም፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 184 ይከለክላል። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ግን የይግባኝ ምክንያት ይሆናል። የይግባኝ ማስታወቂያው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን፣ ማመልከቻው የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። በአንቀጽ 146 ጊዜ ሳይነሣና ሳይመዘገብ የታለፈ ተቃውሞ ግን ይግባኝ ሰሚው ፊት ሲደርስ አቅሙ በጣም ይደክማል።