ኤዴሳ፦ በጉዲፈቻ የተገኘች፣ በኩርፊያ የጠፋች

የመስቀል ጦርነት ሲነሳ ሁሉም ሰው ኢየሩሳሌምን ያስባል። የመስቀል ጦረኞች የመጀመሪያ ግዛት ግን ኤዴሳ ናት፤ የዛሬዋ የቱርክ ኡርፋ። በአውሮፓውያኑ 1098 ተመሠረተች፣ በ1150 አበቃላት። በመሃል የተፈጠረው ነገር ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይወራል።

«ፈረንጆቹ ወግተው ያዟት»

ኧረ ተጋብዘው ነው የገቡት! ገዥው ቶሮስ አርመናዊ ነበር። ልጅ የለውም፣ ቱርኮች ዙሪያውን ይዘውታል። ከመስቀል ጦረኞቹ መሪዎች አንዱን፣ የቡሎኙን ባልድዊን ጠራና «ልጄ ነህ» አለው። ሥርዓቱ ጉድ ነው፦ ሁለቱ ጎልማሶች አንድ ሰፊ ሸሚዝ ውስጥ ገብተው ራቁት ደረታቸውን አነካኩ። ወር ሳይሞላ ሕዝቡ ተነስቶ ቶሮስን ገደለው፣ «ልጁ»ም ወረሰ። የባልድዊን እጅ አለበት የለበትም የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ እኔ ግን ምንም አያውቅም ነበር ብሎ ማመን ያቅተኛል።

«ክርስቲያን ከሙስሊም ጋር ብቻ ነበር የሚዋጋው»

በ1108 ቴል ባሺር በሚባል ምሽግ አጠገብ፣ የመጀመሪያውን ባልድዊን የተካው የኤዴሳው ሁለተኛ ባልድዊን ከቱርኩ አዛዥ ከጃዋሊ ጋር፣ የሌላዋ የመስቀል ጦረኞች ግዛት የአንጾኪያ ገዥ ታንክሬድ ደግሞ ከሐለቡ (አሌፖ) ሙስሊም ገዥ ከሪድዋን ጋር ሆነው ተዋጉ። ሁለቱም ሰልፍ ላይ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ።

«ሳላሃዲን ነው የቀማቸው»

ሳላሃዲን ያኔ ሕፃን ነበር። የወሰዳት የሞሱልና የሐለብ ገዥ ዘንጊ ነው። ኅዳር 1144 ላይ ከበባት፤ ከግንቡ ሥር አስቆፍሮ በእንጨት አስደገፈው፣ ከዚያ እንጨቱን አቃጥሎ ግንቡን ደረመሰውና በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ ገባ። ገዥዋ ሁለተኛው ጆስሊን ከተማው ውስጥ እንኳ አልነበረም። ጎረቤቱ የአንጾኪያው ሬይሞንድ ተኳርፎት ስለነበር ለእርዳታ ንቅንቅ አላለም።

«የከተማዋ ትልቁ እልቂት ያኔ ነው»

ዘንጊ ፈረንጆቹን ቢገድልም አርመኖቹንና ሶርያውያኑን ክርስቲያኖች ትቷቸው ነበር። የባሰው በ1146 መጣ። ዘንጊ በገዛ ባሪያው ሲገደል ጆስሊን ከተማዋን ለማስመለስ ዘው ብሎ ገባ፤ የዘንጊ ልጅ ኑረዲን ሲደርስ ሸሽቶ አመለጠ። ዕዳውን የከፈለው የአገሬው ሰው ነው፦ ተጨፈጨፈ፣ ለባርነት ተሸጠ።

«ሁለተኛው የመስቀል ጦርነት ለኤዴሳ ተዋጋ»

የታወጀው በእርሷ ስም ነበር። ሲደርሱ ግን በ1148 ደማስቆን ከበቡ፣ እሱም በጥቂት ቀናት ከሸፈ።

ጆስሊን በ1150 ተማረከ፣ ዓይኑንም አጠፉት። ሚስቱ ቢያትሪስ የቀሩትን ምሽጎች ለቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ሸጠች፤ እሱም ብዙ አልቆየባቸውም። ጆስሊን ሐለብ እስር ቤት ውስጥ እስከ 1159 ኖሮ እዚያው ሞተ።