ከአዳማ ሰማይን በቴሌስኮፕ ማየት

አዳማ ላይ ኮከብ ማየት የሚወድ ሰው ዋና ጠላቱ ነፋስ ነው። ከተማዋን ለሚያውቅ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻውን 153 ሜጋዋት አቅም አለው። የሚያበሳጨው ደግሞ ሰማዩ የሚጠራውም ነፋሱ የሚበረታውም በበጋ መሆኑ ነው። ክረምት ላይማ ደመናው አያስወጣም።

መቶ እጥፍ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ንዝረትንም መቶ እጥፍ ያጎላል። ትንሽ ሽውታ ከመጣ ጁፒተር ትጨፍራለች። ስለዚህ እዚህ ዕቃውን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ብርሃን የሚሰበስብ ትልቅ መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ ከመግዛቱ በፊት መቆሚያውን ቢያጠናክር ያዋጣዋል። ከባድና አጠር ያለ መቆሚያ ጥሩ ነው። ሰገነት ላይ ከመውጣትም ግቢ ውስጥ አጥር ተጠግቶ ማየት ይሻላል። አቧራው ሌላ ጣጣ ነው። መስታወቱን በጨርቅ ፈተግ ፈተግ ማድረግ ስሱን የአሉሚኒየም ሽፋን ይቧጭረዋል፤ አይቶ ሲያበቁ ወዲያው መክደን ነው።

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። የሰሜን ኮከብም ከአድማስ ከፍ የምትለው ይህንኑ ያህል ስለሆነ ቤትና ዛፍ ይጋርዳታል። ኮከብ እየተከተለ የሚዞር ባለሞተር መቆሚያን በእሷ ማስተካከል ስለዚህ አስቸጋሪ ነው። በምትኩ በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች ትልቁ ድብ የሚባለው የኮከቦች ስብስብ በሰሜን፣ የደቡብ መስቀል የሚባለው ደግሞ በደቡብ አብረው ይታያሉ። አብዛኛው አውሮፓዊ ይህን ከአገሩ ሆኖ አያገኘውም።

ትንሽ ቴሌስኮፕ ለሳይንስም ይጠቅማል። ብርሃናቸው የሚጨምርና የሚቀንስ ኮከቦችን እየተከታተሉ መመዝገብ የአማተሮች የቆየ ሥራ ነው። ጥሩ ካሜራ ከተገጠመለት፣ ፕላኔት በፊቱ ሲያልፍ ኮከቡ አንድ በመቶ ያህል መደብዘዙን እንኳ መለካት ይቻላል።

ለከባዱ ሥራ እንጦጦ አለ፤ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለውበታል።

በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርጫ «ቡና» ተብላ የተሰየመችው ኮከብ አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ባይኖኩላር ይበቃታል። በዙሪያዋ የምትዞረውን ፕላኔት «አቦልን» ግን ማንም በዐይኑ አያያትም፤ የታወቀችው ኮከቧን በስበቷ ወዲያ ወዲህ ስለምታወዛውዛት ነው።