ካርባይድ አይሳልም ያለው ማነው?

መርካቶ የራውተር ቢት (እንጨት ላይ ቦይና ቅርጽ የሚያወጣው ማሽን መቁረጫ ጫፍ) ልገዛ ሄጄ የደነዘውን አሮጌውን ለባለሱቁ አሳየሁት። አገላብጦ አየውና «ካርባይድ እኮ ነው፣ አይሳልም፣ ጣለው» አለኝ። አዲስ ሸጠልኝ። እኔ ግን አሮጌውን ኪሴ ከትቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ገባሁ። ዛሬም ድረስ በረንዳዬ ላይ ቺፑድ እየቆረጠልኝ ነው። ስለ ካርባይድ ሲወራ የምሰማውን አንድ በአንድ እንየው።

«ካርባይድ አይሳልም»

ይሳላል። ካርባይድ የተንግስተን ካርባይድ ብናኝ ከኮባልት ጋር ተጨምቆ በከፍተኛ ሙቀት የተጋገረ ነገር ነው። ከብረት እጅግ ይጠነክራል፣ አልማዝን ግን አይችለውም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለገበያ ሲያወጡት «ቪዲያ» ያሉት «እንደ አልማዝ» የሚለውን አሳጥረው ነው። «እንደ» የምትለዋን ልብ በሉ።

«የትኛውም ድንጋይ ይስለዋል»

ግራይንደር ላይ ያለው ግራጫ ድንጋይ ለመሮና ለመላጊያ ምላጭ ነው። ካርባይድ ሲነካው ድንጋዩ ራሱ ያልቃል፣ ቢቱ ይግላል፣ ስለት የለም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ! አረንጓዴው ድንጋይ ይበላዋል፣ ግን ጠርዙን በጥቃቅኑ እየሸራረፈ ነው። ለግድግዳ መብሻ ይሆናል፣ ለእንጨት አልወደውም። ለእንጨት የሚሆነው የአልማዝ ዱቄት የተለበጠበት ትንሽ ጠፍጣፋ ብረት ነው። የባንክ ካርድ የምታክል ትበቃለች። 600 እና 1200 ቁጥር (የሻካራነቱ መጠን ነው) ካላችሁ ጨርሳችኋል።

«የሚሳለው የውጭው ጠርዝ ነው»

ብዙ ቢት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ቢቱን ከላይ ወደ ታች ተመልከቱት። ሁለት ክንፍ አለው። እያንዳንዱ ክንፍ ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ፊት አለው፣ ከጀርባው ደግሞ ወደ ውጭ ያዘነበለ ጠርዝ። የውጭውን ከነካችሁ የቢቱ ስፋት ይቀንሳል፣ ቅርጹም ይለወጣል። ከዚያ በኋላ የምታወጡት ቦይ ከትናንቱ ጋር አይገጥምም።

ስለዚህ ጠፍጣፋውን ፊት ብቻ። ኩሽኔታ ካለው መጀመሪያ ይፈታ። ፊቱን በማርከር አጥቁሩት። የአልማዙን ብረት የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ትንሽ ወጣ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ሳሙና ጠብ ያለበት ውሃ አርከፍክፉበት፣ ፊቱን አስተኝታችሁ በጣት ጫን እያደረጋችሁ ግፉና ሳቡ። አሥር ጊዜ ያህል። አንስታችሁ እዩ። ጥቁሩ ከሁሉም ቦታ እኩል ከለቀቀ እጃችሁ ቀጥ ብሏል። ከአንድ ጫፍ ብቻ ከለቀቀ እያዘነበላችሁት ነው። አንዱን ክንፍ አሥር ከሳላችሁ ሌላውንም አሥር፣ ቆጥራችሁ። ራውተር በደቂቃ ከ20 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ሁለቱ ክንፍ ካልተመጣጠነ ይንቀጠቀጣል፣ ሥራውንም አንዱ ክንፍ ብቻ ይሸከመዋል።

«እንጨቱን አቃጠለ፣ ስለዚህ ደንዟል»

ሁልጊዜ አይደለም። የጽድ ሙጫ፣ የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ማጣበቂያ ጠርዙ ላይ ተጋግሮ ሊሆን ይችላል። ኩሽኔታውን አውጥታችሁ ቢቱን ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ውስጥ ዘፍዝፉ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ አድርቁ። ከዚህ በኋላ «ደንዞ ነበር» ያላችሁት ቢት ሊያሳፍራችሁ ይችላል። እኔን አሳፍሮኛል።

«ሲግል ውሃ ውስጥ መንከር»

ለመሮ ልክ ነው። የጋለ ካርባይድ ግን በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በእጅ ከሳላችሁ ደግሞ ከነጭራሹ አይግልም።

«አቧራው ምንም አይል»

ይላል እንጂ! ውስጡ ኮባልት አለ፣ ሲተነፍሱት ሳንባ ይጎዳል። ውሃው የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፣ አቧራው ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ጣሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ። እኔ በረንዳው ላይ ረከቦት ካለ አልጀምርም። ባለቤቴም አትፈቅድም፣ ልክ ናት።

«ክብ መጋዙንም እቤት እስለዋለሁ»

ይቅርባችሁ። 40 ወይም 60 ጥርስ ሊኖረው ይችላል፣ ብዙዎቹም ጥርሶቻቸው አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ የተቆረጡ ናቸው። በእጅ እኩል ማድረግ ከባድ ነው። የአልማዝ ድንጋይ ያለው ማሽን ላለው ሰው ስጡት፣ ግን ድንጋዩ የአልማዝ መሆኑን ጠይቁ።

በደንብ የተገመሰ ቢትን ደግሞ አልማዝም አያድነውም። የኔ አንዱ ባለፈው ሳምንት አሮጌ ጣውላ ውስጥ የተደበቀ ምስማር አገኘና ክንፉ ግማሹ ሄደ። አሁን መሳቢያ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የምሄድበትን ቀን እየጠበቀ ነው።