«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ አንበሳው ማን ነበር?

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ወሬው መቅደላ ላይ ደረሰ። አንድ ልጅ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው፤ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ወታደር አስተባብሮ መይሳውን፣ አፄ ቴዎድሮስን፣ ያዘ» አለ። ሰዉም እውነት ነው አለ። እኔን ግን ከነከነኝ።

ድር ሲባል ብዙ ሰው የሸረሪቷ ትዝ ይለዋል። ለእኔ የሚታየኝ የአያቴ እንዝርት ነው። ጥጡን ትዳምጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ከዚያ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትፈትላለች። ማጉ፣ ድሩን እያቋረጠ የሚገባው ክር፣ ላላ ቢል ግድ የላትም። ድሩን ግን ታከርረዋለች፤ ሸማኔው ሲወጥረው መበጠስ የለበትማ። ከሸማኔ የተረፈውን የድር ጫፍ እንኳ አትጥልም። ሰብስባ ትገምደውና ግልገል እናስርበታለን። ትናንት በጣቴ የበጠስኩት ክር ነው፤ ዛሬ ግልገሉ ቢታገል ቢታገል አይበጥሰውም። ተረቱ የወጣው ከፈታዮች ግቢ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ሸረሪትማ ብቻዋን ነው የምታደራው። ማበርን የሚያውቁት አብረው ተቀምጠው የሚፈትሉ ሴቶች ናቸው።

ታዲያ ሮበርት ናፒየር በምን ሂሳብ ድር ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1810 ኮሎምቦ ተወለደ። ሕንድ ውስጥ መሐንዲስ መኮንን ሆኖ መንገድና ቦይ አሠራ፣ ሲኮችን ወጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ቻይና ዘመተ። ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ሲደርስ መርከብ ማራገፊያ አሠራ፣ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። 44 ዝሆን ይዞ መድፉን አሸከማቸው። ይሄ ራሱ አንበሳው ነው!

ድሩ እኛ ነበርን፤ ግን አላበርንም። የትግራዩ ካሳ ምርጫ፣ ኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መንገድ ለቀቁለት፣ እህልም ቀረበለት። የላስታው ዋግሹም ጎበዜም አላገዱትም። ከዙላ እስከ መቅደላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ገደልና ጠባብ በር የሞላበት መንገድ። ያን ሁሉ አልፎ ከባድ ውጊያ የገጠመው መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባለው ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 3 ቀን 1860።

«ያዘ» የሚለውም ልክ አይደለም። ሚያዝያ 6 መቅደላ ሲገባ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ራሳቸውን ሰውተው ነበር። ናፒየር በመቅደላ ስም ሎርድ ተባለ፣ ኋላም ፊልድ ማርሻል ሆነ። አንበሳ ግን አላሰረም። ልጆች፣ እባካችሁ የደካሞችን ተረት ለጉልበተኛ አታውሱት። ለዚያ ቀንማ የአገሬው ሰው የራሱን ቃል ትቶልናል፦

ገደልንም እንዳይሉ ሞተው አገኟቸው፣
ማረክንም እንዳይሉ ሰው የለም በእጃቸው።