«የዴሜተር የመጨረሻ ጉዞ»፦ ጅማ ላይ የሚወራውና እውነታው

አንድሬ ኡቭሬዳል በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የዴሜተር የመጨረሻ ጉዞ» ጅማ ውስጥ እንደ ብዙው ፊልም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ይዞራል። ከቡልጋርያዋ ቫርና ወደ ለንደን የምትጓዝ ባለሸራ የጭነት መርከብ፣ አፈር በሞላበት ሣጥን የተደበቀው ደም መጣጭ ድራኩላ፣ ሌሊት በመጣ ቁጥር የሚጎድሉ መርከበኞች፤ ታሪኩ ይኸው ነው። እኔ ግማሹን ወድጄዋለሁ። የሚገርመኝ የሚያሞግሰውም የሚያጣጥለውም ምክንያቱን መሳቱ ነው።

«ትልቁን መጽሐፍ አበላሹት»

ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመው «ድራኩላ» ረጅም ልቦለድ ነው። ፊልሙ የወሰደው ግን ከሰባተኛው ምዕራፍ ጥቂት ገጾችን፣ ካፒቴኑ በየቀኑ የጻፈውን የጉዞ መዝገብ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ድራኩላ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሰው ይጠፋል፣ የቀሩት ይሸበራሉ፣ በመጨረሻ ካፒቴኑ መስቀሉን ይዞ እጁን ከመርከቧ መሪ ጋር ያስራል። ሐኪሙ ክሌመንስ፣ ከሣጥን የወጣችው አና፣ ትንሹ ቶቢ በመዝገቡ ውስጥ የሉም፤ ፊልሙ የጨመራቸው ናቸው።

ስለዚህ ወቀሳው መሆን ያለበት ሌላ ነው። ጥቂት ገጽ ወደ ሁለት ሰዓት ሲለጠጥ መሀሉ ሳስቷል። ሌሊት፣ ኮቴ፣ ፋኖስ፣ ሞት፤ ከዚያ ደግሞ ሌሊት። የመርከቧን መሰባበር ገና ከጅምሩ ስላሳዩን፣ ተረኛው ማን እንደሆነ ከመገመት ሌላ ሥራ የለንም።

«እውነተኛ ታሪክ ነው» የሚሉም አሉ። በ1885 «ዲሚትሪ» የምትባል የሩሲያ መርከብ በእንግሊዟ ዊትቢ ባሕር ዳርቻ ተሰብራ ነበር። ስቶከር በ1890 ዊትቢ ሄዶ ወሬዋን ሰምቷል። እውነቱ እስከዚህ ነው።

«ጥቁር ሐኪም በዚያ ዘመን ከየት መጣ? ለዛሬ ፖለቲካ የተሰካ ነው»

ይህን ከሀበሻ አፍ ስሰማ ይብስብኛል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን እንርሳቸው? ከ1868ቱ የመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች በልጅነታቸው ይዘዋቸው ሄዱ፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው በ1882 ተመረቁ፤ በበርማም ለእንግሊዝ መንግሥት በሐኪምነት ሠሩ። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ በነገሡበት በዚያው ዘመን መሆኑ ነው። ኮሪ ሃውኪንስ የተጫወተው ክሌመንስ፣ ተምሮ በቆዳው ቀለም ምክንያት ሥራ የተነፈገ ሰው፣ እንዲያውም የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ ነው። ጥፋቱ በደሉን በአንድ ንግግር አስነግረው መተዋቸው ነው። በቀሩት ትዕይንቶች ክሌመንስ ፋኖስ ይዞ ከሚሮጠው ሌላ መርከበኛ ብዙም አይለይም።

«ባሕር ለማናውቅ ሰዎች አያስፈራም»

ከጅማው የቦዬ ረግረግ ሌላ ሰፊ ውኃ ያላየ ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን የሚያስፈራው ውኃው አይደለም፣ መውጫ ማጣቱ ነው። ከከተማ ጭራቅ ቢነሣ ባጃጅ ይዘህ ትሸሻለህ። ክፍት ባሕር ላይ፣ በነፋስ ብቻ በምትሄድ መርከብ ግን ወዴት? ፊልሙ ይህን በደንብ የሚያውቀው መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ በረቱ ውስጥ ያሉት እንስሳትና ውሻው ሲያልቁ፣ እንዲሁም አይጥ የሌለባት መርከብ ላይ መሆናቸውን ሲያስተውሉ። ጭራቁ ሳይታይ የሚያስፈራው ይህ ክፍል በኋላ ከመጣው ደም ሁሉ ይበልጥብኛል።

«ድራኩላው ሙሉ በሙሉ የኮምፒውተር ሥራ ነው»

አይደለም። ኮምፒውተር ቢያግዝም ከውስጥ ያለው ስፔናዊው ተዋናይ ሃቪየር ቦቴት ነው። ማርፋን ሲንድረም የሚባል ከውልደት የሚመጣ ችግር አለበት፤ እጅግ ቀጭንና ረጅም የሆኑት እግርና ጣቶቹ የራሱ ናቸው።

«በፀሐይ መቃጠሉ ከመጽሐፉ የመጣ ነው»

በመጽሐፉ ድራኩላ ኃይሉ ይቀንስ እንጂ በቀን ይንቀሳቀሳል። የሚገደለውም በጩቤ ነው። ደም መጣጭን በፀሐይ ብርሃን የገደለው በ1922 የወጣው የጀርመኑ ድምፅ አልባ ፊልም «ኖስፌራቱ» ነው። እሱም የመርከብ ጉዞ ስላለው «እንዲህ ያለ በመርከብ ላይ ታይቶ አያውቅም» የሚለውም ወሬ አብሮ ይወድቃል።

«ያው የእኛ ቡዳ ነው»

በእኛ አገር እምነት ቡዳ የሚባለው ሕያው ሰው ነው፤ በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ድራኩላ ሞቶ የተነሣ ነው፣ ነክሶ ደም ይመጥጣል፣ ያለ አገሩ አፈር ማረፊያ የለውም። ደግሞም ቡዳ እየተባሉ የሚገለሉ ጎረቤቶች ባሉበት አገር ማመሳሰሉ ለቀልድም አይመችም።

«ምንም አይታይም፣ ኮፒው ነው የተበላሸው»

አንዳንዴ ኮፒው ነው። በአብዛኛው ግን ፊልሙ ራሱ ሆን ተብሎ ጨልሟል፣ አንዳንድ ቦታም ከልክ በላይ። በቀን፣ በር ተከፍቶ፣ በስልክ ለማየት አትድከሙ።

«ክፍል ሁለት አለ»

አጨራረሱ ቀጣይ ታሪክ እንዳለ አስመስሎ ሰው በሕይወት ያስቀራል፣ እኔም አልወደድኩትም፤ የካፒቴኑን ሞት ያቀለዋል። ነገር ግን 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በሲኒማ ያስገባው ግማሹን እንኳ አልሞላም፤ ቀጣይ ክፍልም አልተሠራለትም። «ክፍል ሁለት» ብሎ የሚጭንላችሁ ካለ ሌላ ፊልም ነው፣ ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ እዩት።