ሉመን ምንድን ነው?

ዛሬም ሱቅ ገብቶ «ባለ 60 ሻማ አምፖል ስጠኝ» የሚል አለ። ባለሱቁም 60 ዋት ማለቱ እንደሆነ ይገባዋል። ነገር ግን ዋት የብርሃን መለኪያ አይደለም፤ አምፖሉ ምን ያህል ኃይል እንደሚስብ ነው የሚነግረን። ብርሃኑ የሚለካው በሉመን ነው። ሉመን ማለት ከአንድ መብራት በየአቅጣጫው የሚወጣው፣ ለዓይን የሚታየው ብርሃን ድምር ነው።

አንድ ተራ ሻማ 12 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ባለ 60 ዋቱ የድሮ አምፖል፣ ያ ውስጡ ክር ያለው፣ ወደ 800 ሉመን ይደርሳል። ሲካፈል ስልሳ ምናምን ሻማ ይመጣል! ስለዚህ የወላጆቻችን አጠራር ለዚያ አምፖል ልክ ነበር። ለኤልኢዲ ግን አይሆንም፤ ያንኑ 800 ሉመን ከ8 እስከ 10 በሚሆን ዋት ይሰጣልና። ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢ ደግሞ ከ13 እስከ 15 ዋት ይፈልጋል።

የድሮው አምፖል የሚያበራው የተንግስተን ክሩን አግሎ ነው። ከሚስበው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ በርቶ የቆየ አምፖል የነካ ሰው ያውቀዋል። ኤልኢዲ ግን ምንም ክር ማጋል አያስፈልገውም፤ ኤሌክትሪኩ በሴሚኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን በከፊል በሚያስተላልፍ ቁስ) ውስጥ ሲያልፍ በቀጥታ ብርሃን ይሆናል። ለነጭ ብርሃን ጎድሎ የነበረውን ሰማያዊ ኤልኢዲ የሠሩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ሽልማቱ ይገባቸዋል እላለሁ፤ ድካማቸው እያንዳንዳችን ቤት ገብቷልና።

ቆጣሪው ላይ እንየው። አራት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ በ30 ቀን 36 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራሉ። በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ 5.4 ብቻ ነው። የአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ይወደዳል፤ ርካሹ እርከን ደግሞ 50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ያበቃል። 36ቱን መብራት ከወሰደው ለእንጀራ ምጣዱ፣ ለምድጃውና ለፍሪጁ የሚተርፈው 14 ነው።

እንግዲህ አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን አዙራችሁ ሉመኑን ፈልጉ፤ ለዋቱም አካፍሉት። የድሮው አምፖል 13 ገደማ ይወጣዋል፤ ደህና ኤልኢዲ 80 እና ከዚያ በላይ። «60 ዋት ያህል ያበራል» ከሚል ጽሑፍ በቀር ሉመን ያልተጻፈበትን እኔ አልገዛም።