«ካልደፈረሰ አይጠራም»፦ የደፈረሰ ሁሉ ግን ይጠራል?

ትዳር ሲናጋ፣ ወንድም ከወንድሙ ሲቆራረጥ፣ ወዳጅ በሱስ ወይም በዕዳ ተዘፍቆ መውጫው ሲጠፋው፣ ከአጠገቡ የተቀመጠ ሰው ቀስ ብሎ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች፦ «ግድ የለም፣ ካልደፈረሰ አይጠራም።» ለማጽናናት ትባላለች። የተባለለትም ሰው «ይሁና» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ግን አባባሏ ከምንሰማት በላይ ጥንቁቅ ናት ባይ ነኝ።

መነሻዋ ውኃ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የቆየ ምንጭ ከላይ ሲያዩት ጥርት ያለ ይመስላል፤ ጭቃው ግን ከሥር ተኝቷል። ልጥረገው ብሎ የገባ ሰው ገና እጁን ሲሰድ ደለሉ፣ የበሰበሰው ቅጠል፣ የሣሩ ሥር ሁሉ ተነሥቶ ውኃው ይቦካል። መንገደኛ ቢያየው «አበላሸው» ይላል። ጭቃው ተዝቆ ካልወጣ ግን የምንጩ ዓይን አይከፈትም።

ይህን ሥዕል ከምንጩ አውጥተን ለሁሉ ነገር ስንጠቀምበት ኖረናል። ሰላም ይደፈርሳል፣ ያለቀሰ ወይም እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይኑ ይደፈርሳል፤ ሰማይም ነገርም ደግሞ ይጠራል። የመጨረሻውን ታች የነካ ሰው «አዘቅት ውስጥ ገባ» ሲባልም ያው ውኃ አለበት፤ ዐዘቅት በግእዝ የውኃ ጉድጓድ ነው።

ጥንቃቄዋ ያለው ግን ሰዋስዋ ላይ ነው። «ከደፈረሰ ይጠራል» አትልም። መደፍረስ ለመጥራት ያስፈልጋል አለች እንጂ ይበቃል አላለችም። ስለዚህ «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» ከሚለው ጋር እያፈራረቁ መጠቀም ስሕተት ይመስለኛል። ንጋት ተኝተውም ይመጣል። ጭቃ ግን የሚያወጣው ካጣ ተመልሶ ይተኛል።

ለማየት አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ ማንኪያ አፈር ጨምሮ ማማሰል ይበቃል። አሸዋው በሰከንዶች ውስጥ ከሥር ይቀመጣል። ደቃቁ የሸክላ አፈር ግን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል። በመጨረሻ ይጠራል፤ አፈሩ ግን የትም አልሄደም፣ አንድ ጊዜ ነካ ቢያደርጉት እንደ ገና ይነሣል። በጭንቅ ሰዓት የተገባ ስእለት ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ቁርኣን በሱራ ዩኑስ (10፥22-23) ይህንኑ ያነሣል፦ ማዕበል ከየአቅጣጫው የመጣባቸው የመርከብ ተሳፋሪዎች «ከዚህ ብታድነን አመስጋኞች እንሆናለን» ብለው በፍጹም ልብ ይለምናሉ፤ ከዳኑ በኋላ ወዲያው ወደ ግፋቸው ይመለሳሉ። ሱራው የተሰየመው ደግሞ በዓሣ ሆድ ውስጥ ሆኖ ወደ አምላኩ በጮኸው ነቢይ ስም ነው።

መጮህ ካልን፣ አንድ ነገር ልጨምር። «ጠራ» ንጹሕ ሆነ ማለት ነው፤ «ጠራ» ደግሞ ስም ጠራ፣ ተጣራም ማለት ነው። በግእዝ የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ ጸርየ ሌላው ጸርሐ፤ አማርኛ ሲደርሱ አንድ መልክ ያዙ። ከግጥምጥሞሽ አያልፍም፣ ግን ደስ ይለኛል።

ሰው ታች ሲደርስ ለምን ወደ እምነት ይዞራል ቢሉኝ፣ ራሱን የሚያታልልበት ስለሚያልቅበት ነው እላለሁ። «ከነገ ጀምሮ አቆማለሁ»፣ «በቁጥጥሬ ሥር ነው» የሚሉት ቃላት የሚሠሩት የሚሸጥ ዕቃና የሚበደር ወዳጅ እስካለ ድረስ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው ልጅ ድርሻውን በትኖ እሪያ ጠባቂ ሆነ፤ እሪያዎቹ ከሚበሉትም ሊጠግብ ተመኘ። እዚህ ላይ መጽሐፉ «ወደ ልቡም ተመልሶ» ይላል። እስከዚያ ድረስ ልቡ ሌላ አገር ነበር ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት አንድም ነገር አልተለወጠለትም፤ አሁንም ተርቧል፣ አሁንም ከእሪያዎቹ ጋር ነው። የተለወጠው ቀጥሎ የተናገረው ግስ ነው፦ «ተነሥቼ»።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው የመጠጥ ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር አጀማመርም ይህንን ይመስላል። ቢል ዊልሰን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1934 መጨረሻ ለመጠጥ ሱሱ ኒውዮርክ ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ አምላክ ካለ ይገለጥልኝ ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ እስከ ሞተበት 1971 አልጠጣም። ሰዎች የሚተርኩት ይህቺን ሌሊት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከወራት በኋላ የሆነው ነው። በ1935 አክሮን ከተማ ለንግድ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። ሆቴሉ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ሳለ መጠጥ ቤቱ ሳበው። ወደዚያ በመግባት ፈንታ ስልክ አነሣና የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም መፈለግ ጀመረ። ያገኘው ቦብ ስሚዝ የተባለ ሐኪም ነበር፤ ማኅበሩ ከሁለቱ ተወለደ። በሆስፒታሉ ሌሊት ደፈረሰ፤ ጭቃውን መዛቅ የጀመረው ግን በዚያች ስልክ ይመስለኛል። የማኅበሩ 12 እርምጃዎች የመጀመሪያውም፣ በመጠጥ ፊት አቅም የለንም፣ ሕይወታችንንም መምራት አቅቶናል ብሎ ማመን ነው።

ይህቺን አባባል «ተዉት፣ ይውደቅና ይማር» ለማለት ሲጠቀሙባት ግን ያናድደኛል። ታች ወርዶ በዚያው የቀረ ስንት አለ! የሌላውን ውኃ ሄዳችሁ አደፍርሱ የምትልም አይደለችም። በዚያው ማኅበር ውስጥ እንኳ ከጊዜ በኋላ ሥራቸውንም ቤታቸውንም ገና ያላጡ ወጣቶች መምጣት ጀመሩ። የሌሎቹን ታሪክ ሰምተው የራሳቸውን ታች ከሩቅ አይተውታልና።

የመጥራቱን ርዝመት ለማየት ደግሞ ጆን ኒውተን አለ። በባሪያ ንግድ ውስጥ የኖረ እንግሊዛዊ መርከበኛ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1748 በሰሜን አትላንቲክ ማዕበል መርከባቸውን ሲሰብራት፣ «ጌታ ይማረን» የሚል ቃል ካፉ ወጣ። የእምነቱን መጀመሪያ ከዚያች ዕለት ይቆጥር ነበር፤ በየዓመቱም ያስባት ነበር። ይሁን እንጂ ከማዕበሉ በኋላ ራሱ የባሪያ መርከብ ካፒቴን ሆነ። በ1754 ያቆመውም ታሞ ነው። በ1764 ቄስ ሆነ። ያንን ንግድ የሚያወግዘውን ጽሑፍ ያሳተመው በ1788 ነው፤ ከማዕበሉ 40 ዓመት በኋላ። የብሪታንያ ፓርላማ ንግዱን በ1807 በሕግ ሲያግድ ኒውተን የ81 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሞተ።